ሥጋ መብላት ለተወችው ልጄ

ውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው እሑድ ከእንግዲህ ከጾም ውጭም ሥጋ እንደማትበዪ በስልክ ስትነግሪን አባትሽ «ትከሳለች» ብሎ ተጨነቀ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሥጋውን መተውሽ አይደለም። የቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ ደመወዝሽ ስለማይበቃ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ማታም ብዙ ጊዜ ዳቦ በሻይ እንደሆነ መስማቴ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። በጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁትን በስልክ ተናግሬ ስለማልጨርሰው ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ተማሪ ሆኜ ተከራይቼ በምኖርበት ጊዜ እኔም እንዳንቺ ከዳቦና ከሻይ ሌላ አልቀምስም ነበር። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልማል። ተመርምሬ የደሜ መጠን 8 ሆኖ ተገኘ፤ ለሴት ከ12 ማነስ አልነበረበትም። ሥጋ በማጣቴ የመጣ መስሎኝ አለቀስኩ። ቆይቶ ትምህርቱ ሲገባኝ ግን፣ ሥጋ ሳይቀምሱ 55ቱን የሁዳዴ ቀናት ከንጋት እስከ ምሽት ሲሠሩ የሚውሉት አያትሽ ከእኔ የበረቱት ባቄላ፣ ምስርና ሽሮ ከማዕዳቸው ስለማይጠፋ እንደነበር ተረዳሁ። እኔ ትቼው የነበረው ሥጋውን ብቻ ሳይሆን ጥራጥሬውንም ነበር።

ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥርሽ ከሁሉ በፊት የምትገዢው ጥራጥሬ ይሁን። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት በቀን 45 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልጋታል። አንድ ኪሎ ምስር ለሰባት ቀን ብታካፍዪው በየቀኑ 35 ግራም ያህል ይሰጥሻል፤ የቀረውን እንጀራው ራሱ ይሞላዋል። ደግሞም ጥራጥሬ የሚጎድለውን የፕሮቲን ዓይነት እህል ይዞታል፣ እህል የሚጎድለውን ደግሞ ጥራጥሬ ይዞታል፤ ሽሮ በእንጀራ፣ ንፍሮው ስንዴና ሽንብራ ተደባልቆ፣ ቆሎውም ገብስና ሽንብራ ተቀላቅሎ መበላቱ ከጣዕም በላይ ጥቅም አለው። ጤፍ ቢወደድብሽ ከማሽላ ጋር አስፈጪው፤ በእርሾ በደንብ እስከ ቦካ ድረስ አትጎጂም።

ስለ ሽሮ ግን አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ዋጋው ከሌላው እጅግ የረከሰ ዱቄት ካገኘሽ ከመግዛትሽ በፊት ከምን እንደተፈጨ ጠይቂ፤ ጓያ ሊሆን ይችላልና። ጓያ ድርቅንም ውሃ የተኛበትን መሬትም ስለሚችል ርካሽ ነው፤ አልፎ አልፎ ከሌላ ጋር ተደባልቆ ቢበላ ብዙም አያሰጋም። ነገር ግን ሌላ በማጣት ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግባቸው ያደረጉት ሰዎች እግራቸው ሽባ ይሆናል፤ ሽባነቱም አይድንም። ደንቢያ ውስጥ ስሠራ ሁለት ዱላ ተመርኩዘው፣ ጉልበታቸው እየተጋጨ በእግር ጣታቸው የሚራመዱ ወጣቶችን አስታምሜአለሁ። ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። በምጣኔ መኖር ሲጀመር ሰው ባንድ ርካሽ ነገር ላይ ይወድቃልና ይህንን አደራ እልሻለሁ። እኔ የምልክልሽ ሽሮ በዓይኔ ፊት የተለቀመ ሽንብራና አተር ነው።

ቀጥሎ ሻይሽን ተመልከቺ። ሻይም ሆነ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከጥራጥሬና ከቅጠል የሚገኘውን፣ ደም የሚሠራበትን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ይይዘዋል። ተዪው አልልሽም፤ ከበላሽ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠጪው። በምትኩ ምግብሽ ላይ ሎሚ ጭመቂ፣ ቃሪያና ቲማቲም ጨምሪ፤ ቪታሚን ሲ ያንኑ ብረት ሰውነት በብዛት እንዲወስድ ያደርገዋል። አዚፋን አስቢው፤ የተቀቀለ ድፍን ምስር፣ ሰናፍጭ፣ ቃሪያና ሎሚ ነው። አያቶቻችን ስለ ብረት ሳያውቁ እንዴት አድርገው እንዳገጣጠሙት ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል። «ጤፍ ብረት አለው» እየተባለ የሚነገረውን አምነሽ ግን እንዳትዘናጊ፤ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው።

ሽንብራ ወይም ምስር ሌሊቱን ዘፍዝፈሽ፣ ጠዋት ውሃውን ደፍተሽ፣ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ሁለት ቀን ብታቆዪው ያቆጠቁጣል። በቆልት ማለት ይኸው ነው። ብረቱንና ዚንኩን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፣ በደረቁ እህል ውስጥ ያልነበረ ቪታሚን ሲም ይፈጠራል፣ ቶሎ ስለሚበስልም ቡታጋዝ ይቆጥብልሻል። አብስለሽ ብዪው፤ ጥሬውን ሆድ አይወደውም።

ከቅጠል ደግሞ የሐበሻ ጎመንን አስቀድሚ። ቆስጣ መልካም ቢሆንም በውስጡ ያለው አሲድ ካልሲየሙን አስሮ ያስቀረዋል፤ የጎመኑን ግን ሰውነት በሚገባ ይወስደዋል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። በትንሽ ዘይት አብስዪው፤ በጎመን፣ በካሮትና በዱባ ያለው ቪታሚን ኤ ያለ ዘይት በሚገባ አይገኝም። ጨው አዮዲን ያለበት ይሁን፤ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው።

እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ ከጉልት የሚገኝ ነው። አንድ ነገር ግን ከጉልትም ከማሳም አይገኝም፤ ቪታሚን ቢ 12። በዕፅዋት ውስጥ የለም። ጾመኛ ሰው በፍስክ ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለሚበላ ይተካዋል፤ አንቺ ግን ሥጋውን ፈጽሞ ትተሻል፣ ወተትና እንቁላሉንም በጾም ቀን አትቀምሺም፣ በፍስክም ዋጋው አያስደፍርሽም። ጉበታችን ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም፤ ሲመጣ ግን እጅና እግር ይደነዝዛል፣ የማስታወስ ኃይልም ይደክማል። ጥራጥሬ የሚበላ ሰው ፎሌት የሚባለውን ሌላ ቪታሚን በብዛት ስለሚያገኝ የደም ማነሱ ላይታይ ይችላል፤ ነርቩ ግን በዝምታ ይጎዳል። ስለዚህ ከፋርማሲ እንክብሉን ግዢ፤ በዚህ ላይ አትቆጥቢ፣ ከጎደለሽም እኔ እልክልሻለሁ። የደም ምርመራም ከዚህ ወር አታሳልፊ።

ስለ ገበያው ከእኔ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ቢሆንም ጥራጥሬ የሚረክሰው አዝመራው ከገባ በኋላ ጥር ላይ እንደሆነና ሁዳዴ ሲቃረብ እንደሚወደድ አትርሺ። አብረውሽ ከሚያስተምሩት ሁለት ሦስት ሆናችሁ እህል በረንዳ ወርዳችሁ በጆንያ ብትገዙና ብትካፈሉ ልዩነቱ ብዙ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ድፍን ምስርና ሽንብራ በብዛት ቀቅዪ፤ ደክሞሽ ስትገቢ የበሰለ ነገር ካለ ወደ ዳቦው አትሮጪም።

ሐሙስ በሚነሳው አውቶቡስ ስንቅ ልኬልሻለሁ። ሽሮው በትልቁ ከረጢት ነው፤ በትንሹ ውስጥ በሶና ቆሎ አለ። ተልባውን ሆን ብዬ ሳላስፈጭ ነው የላክሁት፤ ከተፈጨ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻልና በሳምንት የሚበቃሽን ብቻ አምሰሽ ውቀጪ። በብልቃጥ ያለው ስልጆ ነው፤ ሰናፍጩን አባትሽ አብዝቶበታል፣ ክዳኑን ስትከፍቺ ተጠንቀቂ። ዕቃው ሲደርስሽ ደውዪልኝ፣ ያን ቀን ማታ ምን እንደበላሽም ንገሪኝ።

እናትሽ