ስም መቁጠር ከመጀመራችን በፊት

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ እንደተነጋገርነው፣ የአገር ውስጥ ዜናዎች የዓለም አቀፍ ተቋማትን ስም ምን ያህል እንደሚያነሱ መቁጠር ልንጀምር ነው። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ያላችሁ ጋዜጣ ፍለጋ መሀል ከተማ አትውረዱ፣ ከድረ ገጽ ሥሩ።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። አዲስ አበባ ራሷ ቁጥሩን ታሳብጥብናለች። የአፍሪካ ኅብረትም የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም መቀመጫቸው እዚሁ ነው። አንድ የጤና ዜና «ውይይቱ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ተካሄደ» ቢል፣ ኅብረቱ እዚህ ላይ ቦታ ነው እንጂ ባለጉዳይ አይደለም። እንዲህ ያለውን «ቦታ» ብላችሁ ለብቻው መዝግቡ። ይህ ካልተለየ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ነው።

የሚናገረው ማን እንደሆነም እዩ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ሐምሌ 2016 ለኢትዮጵያ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጽድቋል። ያን ዜና የነገረን ተቋሙ ራሱ ነው ወይስ የመንግሥት ባለሥልጣን? ለእኔ ከስሙ ብዛት ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

የካቲትን ብቻ እንዳንወስድ። የኅብረቱ መሪዎች ጉባኤ የሚውለው በዚያ ሰሞን ስለሆነ ያሳስተናል። የዕለቱን ጠቅላላ ዜና ብዛትም ጻፉ፤ ያለሱ ማነጻጸር አይቻልም። በኮምፒውተር የምትፈልጉ ደግሞ አጻጻፉ ስለሚለያይ ኅብረት፣ ህብረት፣ ሕብረት እያላችሁ ሞክሩ።

እያንዳንዱን እትም ሁለት ሰው ለየብቻ ይቁጠረው። ያልተስማማችሁበትን አትሰርዙ፣ ለቅዳሜ ይዛችሁት ኑ።