ጭምብሉን ማንም ሳያየው የተወደደው ካውቦይ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ስለ ጭምብል ለባሽ ጀግኖች ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት ደስ ይላል፣ ግን ሎን ሬንጀር (ብቸኛው ሬንጀር ማለት ነው) ጋር ስደርስ በጣም ከፋኝ። "የድሮ የቲቪ ካውቦይ" ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁት። ሰውዬው እኮ የሬዲዮ ልጅ ነው!

እ.ኤ.አ. በ1933 ጥር ወር ዲትሮይት ውስጥ ደብሊው ኤክስ ዋይ ዚ በሚባል ጣቢያ ነው የተጀመረው፣ የጣቢያው ባለቤት ጆርጅ ትሬንድል ነው፣ አብዛኛውን የጻፈው ደሞ ፍራን ስትራይከር። እስቲ አስቡት፣ ጭምብል ያደረገ ሰው በሬዲዮ! ጭምብሉን ማን ያየዋል? ማንም። ነጩ ፈረስ ሲልቨርም ኮቴው ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከዛ የሙዚቃ አቀናባሪው ሮሲኒ የዊልያም ቴል ኦፔራ ሙዚቃ ይገባና "ሃይ-ዮ ሲልቨር" ሲል በቃ ሁሉም አድማጭ የራሱን ጭምብል የራሱን ፈረስ በጭንቅላቱ ይሰራል። እኔ የድሮ ቅጂዎቹን መብራት አጥፍቼ በኢርፎን ነው የምሰማው፣ ከዛ በኋላ ያየሁት ፊልም ሁሉ ጠቦብኛል።

የአሜሪካ ነባር ተወላጅ የሆነው ጓደኛው ቶንቶም ቢሆን የመጣው ሬዲዮ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ላይ ጀግናው እንደስሙ ብቻውን ነበር፣ ግን ብቻውን ያለ ሰው ዝም ካለ አድማጩ ምን እያሰበ እንደሆነ በምን ያውቃል፣ ስለዚህ ጥቂት ክፍል እንደሄደ የሚያወራው ሰው አመጡለት። ከዛ ታሪኩ እየሰፋ ሲሄድ ስድስት የቴክሳስ ሬንጀሮች (ሕግ አስከባሪዎች) አድፍጠው በጠበቋቸው ሽፍቶች ተመተው አምስቱ ሞቱ፣ የተረፈውን አንዱን አስታሞ ያዳነው ቶንቶ ሆነ፣ ጭምብሉም የተቆረጠው ከሞተው ወንድሙ ሰደርያ ነው። ማለቴ ብቸኛ የተባለው ሰው እስትንፋሱ ራሱ የጓደኛው ስጦታ ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልምጣ። በ1941 ሚያዝያ ላይ ከ1933 ጀምሮ የሎን ሬንጀር ድምጽ የነበረው ኧርል ግሬዘር በመኪና አደጋ ሞተ። ሌላ ሰው በማግስቱ ቢያስገቡ ህዝቡ ያውቃል፣ ድምጹን ለምዶታላ። ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ጀግናው ክፉኛ ቆስሏል አሉና ለተወሰኑ ክፍሎች ከሹክሹክታ ያለፈ ድምጽ እንዳይኖረው አደረጉ፣ ታሪኩን ተሸክሞ የሄደው ቶንቶ ነው! ቀስ ብሎ ብሬስ ቢመር ገባ፣ እሱም ሬዲዮው እስካበቃበት እስከ 1954 ቆየ። ምስል ያለው ነገር ይሄን ማድረግ አይችልም እኮ።

የቲቪውን ጥቅም አልክድም ደሞ። በሬዲዮ ቶንቶን የሚጫወተው ጆን ቶድ ነጭ ነበር፣ በ1949 ቲቪው ሲጀመር ግን ጄይ ሲልቨርሂልስ ገባ፣ ከካናዳ የመጣ፣ ሞሃውክ ከሚባለው ነባር ህዝብ የተወለደ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳዝነኝ ለቶንቶ የሰጡት አነጋገር ነው፣ ያ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ሳይለቀው ቀረ፣ ቶንቶ የሚለው ስም ራሱ በስፓኒሽ ቂል ማለት ስለሆነ በስፓኒሽ ቅጂው ቶሮ ብለው ነው የቀየሩት። እንደዛም ሆኖ ሲልቨርሂልስ ክብሩን ጠብቆ ነው የተጫወተው፣ አይኑን እዩት። በ2013 ደሞ ዲዝኒ በሰራው ፊልም ቶንቶን ለነጩ ተዋናይ ለጆኒ ዴፕ ሰጠው፣ ያን ያህል ገንዘብ ፈሶበት ከሰረ፣ እኔ ግን ከኪሳራው በላይ ወደኋላ መመለሱ ነው ያናደደኝ።

የክሌይተን ሙር ነገር ሳላነሳ አልጨርስም። በቲቪ ሎን ሬንጀርን በዋናነት የተጫወተው እሱ ነው፣ ድምጹን የሬዲዮውን እንዲመስል ተለማምዶ ነው የገባው። መሀል ላይ ጆን ሃርት ለ52 ክፍል ተካው፣ ጭምብሉ ያው ነው፣ ፈረሱ ያው ነው፣ ግን ሙርን መልሰው አመጡት። በ1979 በሌላ ተዋናይ አዲስ ፊልም ሊሰራ ሲል ባለመብቶቹ ሙርን ከሰሱት፣ ፍርድ ቤቱም ጭምብሉን በአደባባይ እንዳያደርግ ከለከለው፣ ሽማግሌው ምን ያድርግ ጥቁር መነጽር አድርጎ ከአድናቂዎቹ ጋር መገናኘቱን ቀጠለ። አዲሱ ፊልም በ1981 ወጣና ወደቀ፣ በዛ ላይ የዋናው ተዋናይ የክሊንተን ስፒልስበሪ ድምጽ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ በጄምስ ኪች ድምጽ ነው የተተካው! በድምጽ የተወለደን ጀግና መልክ ብቻ መርጠው ድምጹን ከሰው ተዋሱለት። ለሙር ጭምብሉን በ1984 ፈቀዱለት፣ ያንን ሳነብ እውነቴን ነው እንባዬ መጣ።

እና እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ አውጡልኝ፣ የሬዲዮ ጀግና ነው በሉ፣ የግሬዘርንና የቢመርን ስም ጻፉ፣ የሲልቨርሂልስን ስም ደሞ ከሙር እኩል በአንድ መስመር ላይ አድርጉት።

ሁሌም የማነባችሁ
አንባቢያችሁ