ይድረስ ለሰይድ፤ ስለ ድራማህና ስለ ድንጋጤ

ደሴ፣ ሆጤ

ወንድሜ ሰይድ፣

እንደምን ከረምክ? ቤተሰቡስ? እኛ ደህና ነን፤ ጦሳ ተራራም በቦታው ነው። ጠፋህ ብትለኝ ጠፍቻለሁ፤ አንተም ጠፍተሃል፤ ተቻችለን እንለፈው።

የላክኸውን የሬዲዮ ድራማ አነበብኩት። ታሪኩ ይዞኛል። ሰዎችህ ግን ሲደነግጡ የደሴ ሰው መሆናቸውን ይረሱታል። ዘይነባ «ኦ አምላኬ!» ትላለች። ይሄ ከትርጉም ፊልም የመጣ አፍ ነው እንጂ ሰኞ ገበያ አይሰማም። «አጃኢብ!» ትበል፤ ነገሩ ከከበደ «ያ ረቢ!» ወይም «ሱብሃነላህ!»። ጎረቤቷ እትዬ አስካለ «በስመ አብ!» ይበሉ፤ ማማተባቸው በሬዲዮ አይታይምና «በስመ አብ ወወልድ» ብለው ያስረዝሙት። ሁለቱን ግን አጥር ሠርተህ አትለያቸው። እዚህ ክርስቲያኑም ወሬ ሲያጠራጥረው «ወላሂ በል!» እንደሚል ታውቃለህ።

«እንዴ!» ትንሿ ናት፤ ያልጠበቁት ሰው በር ላይ ሲቆም። «ወይ ጉድ!» የሚመጣው ነገሩ ከተነገረ በኋላ ነው፤ ለወሬ እንጂ ለአደጋ አይሆንም። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲል «ወይ ጉድ» የሚል ተሳፋሪ የለም። «እኔን!» የሚለው ሌላው ሲደናቀፍ ያየ ነው፤ አንተ ገጽ 4 ላይ የወደቀውን ራሱን አስብለኸዋል። የወደቀው «ወይኔ» ይበል።

ተራኪህም ይጠንቀቅ። የምትደነብረው በቅሎ ናት። ኮሽታ የሰማ ሰው ይበረግጋል፣ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ይባንናል፣ ክፉ ወሬ የሰማ ክው ይላል፤ ተስፋው ከተቋረጠ ወሽመጡ ብጥስ ይላል። «አቶ እንድሪስ ደነበሩ» ካልክ አድማጭ ይስቃል።

የፈተናው ውጤት ትዕይንት ላይ ልጅቷ ገብታ በቀጥታ «ወንድሜ አለፈ!» ትላለች። አይሆንም። መጀመሪያ «የምሥራች!» ብላ ትቁም። እናት «ምስር ብዪ!» ይበሉ። ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የሚወጣው። እናትየው እስኪመልሱ ያለችው ክፍተት የደስታው ግማሽ ናት፤ አትቁረጣት። «አብሽር»ንም ከዚያ አንሣው። ዐረቡ ለምሥራች ይበለው፤ እኛ ዘንድ አይዞህ ነው፣ ቦታው የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ነው።

አሁን ወደ ክፍል 5። ስልክ ይጮሃል፣ «አባትህ ሞቱ» ይባላል። እንዲህ ያለ መርዶ የለም! ኮምቦልቻ ላለ ልጅ የሚባለው «ትንሽ አሟቸዋል፤ ቶሎ ድረስ» ነው። ሙስሊም በመሆናቸው ቀብሩ ስለማይዘገይ ልጁን ማፍጠን ያስፈልጋል፤ ያኔም ቢሆን «ሞቱ» አይባልም። ልጁ «ትንሽ» ከምትለዋ ቃል ያውቀዋል። ከእሷ በኋላ ሦስት ሴኮንድ ዝምታ ስጥ፤ ሙዚቃ አታስገባ።

ሩቅ ያለው ታላቅ ወንድሙ ከሆነ ደግሞ ለራሱ አይደወልም። የሚደወለው እዚያ ላለ ዘመድ ወይም ላገር ልጅ ነው። እነሱ ተጠራርተው ጎህ ሳይቀድ፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ ይደርሳሉ። ማታ ከተነገረው ሌሊቱ አይነጋለትም፤ ለቅሶ ደራሽም የለም። አንድ ሽማግሌ ይናገራል፤ ጉልበት ያለው ሰው ከጎኑ ይቆማል፣ ሐዘንተኛ ራሱን ይጥላልና። ስለታም ነገርና የሚነድ ምድጃ ቀደም ብሎ ይነሣል። ሽማግሌው «አባትህ አኼራ ሄዱ» ይበሉ (ለክርስቲያን ቢሆን «አረፉ» ነበር)፤ መልሱ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ነው፣ ልቅሶው ከዚያ ይከተላል። ለሬዲዮ የሚበጅህ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ያለው ነው፤ በጨለማ የአምስት ስድስት ሰው ኮቴ፣ ውሻ ሲጮህ፣ «ማነው በዚህ ሰዓት?»። በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ማንም ሳይናገር ክው ይላል።

የግድ ዱብ ዕዳ ካስፈለገህ ከስልኩ ይልቅ ፌስቡክን ተጠቀም። መርዶ ነጋሪዎቹ መንገድ ላይ ሳሉ አንዱ ችኩል የሟቹን ፎቶ ለጥፎ «አላህ ይዘንላቸው» ይላል፤ ልጁ አልጋው ላይ ሆኖ ያየዋል። አሁን አሁን መርዶን የሚያበላሸው ይሄ ነው።

አንድ የጽሕፈት ነገር፤ «ሽማግሎቹ አረዱት» ብለህ ጽፈሃል። ተዋናዩ «ረ»ን ካጠበቃት ሰውየውን ቢላ ላይ አጋደሙት ማለት ነው፤ መጥበቅ ያለባት «ደ» ናት። «መርዶ ነገሩት» ብለህ ገላግለው።

ቀረጻ ሳትጀምሩ ክፍል 6ን ላክልኝ። ሞተ ተብሎ ቅሬው (የሰፈሩ እድር) ሁሉ ያለቀሰለት ልጅ በሕይወት መኖሩ የሚሰማበት ነው ብለኸኛል፤ ዘይነባ እዚያ «የምሥራች!» ትበል ወይስ ቃል ጠፍቷት ትቁም፣ ገና አልቆረጥኩም።

ወንድምህ