መብራቱን ከጋቢናው ሆነው ይዩልን

ይድረስ ለባቡር ደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ባቡር ስነዳ 22 ዓመት ሆነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ጉዳዩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። ጠዋት ተሳፍሮ ሥራ የሚገባው ሰው፣ ሐዲድ ላይ ጎንበስ ብሎ ብሎን የሚያጠብቀው ሠራተኛ፣ ሁሉም ይመለከተዋል።

ልመናዬ አንድ ነው። በመስመሩ ላይ የተተከለው እያንዳንዱ የምልክት መብራት በሹፌር ዓይን ይታይ። ካርታ ላይ አይደለም፣ ሐዲዱ ዳር ቆሞም አይደለም። ባቡሩ እየሄደ፣ ከሹፌሩ ወንበር ላይ።

ምን እንደሆነ ልንገርዎት። አንድ ጠዋት መንገደኛ ጭኜ ወደ ምዕራብ እየሄድኩ ነበር። ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነው፤ ከጀርባዬ ዝቅ ብላ ትመጣለች። ያለፍኩት መብራት ቢጫ ስለነበር ፍጥነት ቀንሻለሁ። ቢጫ ማለት ቀጣዩ ቀይ ሊሆን ይችላልና ለመቆም ተዘጋጅ ማለት ነው። ቀጣዩን መብራት ደግሞ አንድ ዛፍ ይጋርደዋል። ቅርንጫፉን አልፌ ብቅ ስል አረንጓዴ አየሁ። ሙሉ፣ የሚያበራ አረንጓዴ። እጄ ፍሬኑን መልቀቅ ጀመረ። ወዲያው ደመና መጣና ፀሐይዋን ሸፈናት። አረንጓዴው ጠፋ። የበራው ቀዩ ነበር።

ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ያዝኩት። መብራቱ ጥቂት ሜትር ሲቀረኝ ባቡሩ ቆመ። ከኋላዬ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል። እጄን ከፍሬኑ ላይ ለማንሳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

አስማት አይደለም። ዝቅ ያለች ፀሐይ የመብራቱን መስታወት ፊት ለፊት ስትመታው፣ ያልበራው የበራ ይመስላል። ይህን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የዚያን ዕለት ሪፖርት ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ናት፤ «ሹፌሮች የበለጠ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ይሁን» ትላለች። ዛፉን የቆረጠ የለም። መብራቱ ላይ ጥላ የጨመረም የለም።

ጥንቃቄ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጠን ላስላልዎት። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ይጨርሳል። መብራቱ 100 ሜትር ሲቀረው ብቻ ብቅ የሚል ከሆነ ሹፌሩ ያለው 4 ሰከንድ ነው። በእነዚህ 4 ሰከንዶች መብራቱን ፈልጎ ያገኛል፣ የእሱ ሐዲድ መብራት መሆኑን ይለያል፣ ቀለሙን ያነባል፣ ይወስናል። ፍሬን ከያዘ በኋላም ባቡር እንደ መኪና ቶሎ አይቆምም። ብረት በብረት ላይ ነው የሚሄደው፤ መያዣው ትንሽ ነው። የተጫነ የዕቃ ባቡር ለመቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈልግ ይችላል። ዝናብ ወይም እርጥብ ቅጠል ሐዲዱ ላይ ካለ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው መብራት ዘግይቶ ታየ ማለት አልታየም ማለት የሆነው።

የእንግሊዞቹን ታሪክ እርስዎም ያውቁት ይሆናል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1999 ጠዋት ለንደን ውስጥ ላድብሮክ ግሮቭ በሚባለው ቦታ አንድ ባቡር ቀይ መብራት አልፎ ከፊቱ ከሚመጣ ፈጣን ባቡር ጋር ተጋጨ። 31 ሰው ሞተ፤ ከ400 በላይ ቆሰለ። ሹፌሩ ፈቃድ ካገኘ ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር፤ እሱም እዚያው ሞተ። የመብራቱ ቁጥር ኤስኤን109 ነው። ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ስድስት ዓመታት ይኸው አንድ መብራት 8 ጊዜ በቀይ ታልፏል።

ስምንት ጊዜ፣ ክቡር ሆይ። ስምንት ጊዜ ስህተት የሚሠራበት ቦታ ካለ ጥያቄው ለቦታውም መቅረብ አለበት።

ጉዳዩን የመረመሩት ሎርድ ከለን ያገኙትም ይህንኑ ነው። መብራቱ በደንብ አይታይም ነበር፤ በዚያ ላይ ዝቅ ያለችው የጠዋት ፀሐይ ነበረች። ሹፌሩ መንገዱ የተለቀቀለት መስሎት ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። እኔን ያመኛል። ያንን አረንጓዴ እኔም አይቼዋለሁና። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት የባቡር ድርጅት ኃላፊ በ1998 እና በ1999 መጀመሪያ ላይ ስለዚያ መብራት ምን እየተደረገ እንደሆነ በደብዳቤ ጠይቃ ነበር። ደብዳቤው ቀድሞ ደርሷል። ከአደጋው በኋላ ከሥራ ወጥቶ የነበረው ያ መብራት እንደገና ሥራ የጀመረው በ2006 ነው።

«ጋቢና ውስጥ የማስጠንቀቂያ ድምፅ አለ አይደል?» ይሉኝ ይሆናል። አለ፤ ጥሩ ነገርም ነው። ግን እንዴት እንደሚሠራ እንይ። የእንግሊዞቹ የቆየው መሣሪያ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ደወል ይደውላል፤ ቢጫም ቀይም ሲሆን አንድ ዓይነት ጡሩንባ ይነፋል። ሹፌሩ ቁልፉን ተጭኖ ሰምቻለሁ ይላል። ካልተጫነ ባቡሩ ራሱ ፍሬን ይይዛል። ሰው በበዛበት መስመር በቢጫ ላይ በቢጫ እየተከታተልን ስንሄድ ጡሩንባው አያርፍም። እጅ ይለምዳል። ጭንቅላት ሳያስብ ጣት ይጫናል። ላድብሮክ ግሮቭ ላይም ጡሩንባው ነፍቷል፤ ቁልፉም ተጭኗል።

በዚያው አካባቢ፣ ሳውዝሆል ላይ፣ በ1997 ሌላ ግጭት 7 ሰው ገድሏል። የዚያ ባቡር የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከነጭራሹ አይሠራም ነበር። ተበላሽቶ ሳለ መንገደኛ ጭኖ እንዲሄድ ተደረገ። እኔም እንዲህ ያለ ባቡር ተሰጥቶኝ ያውቃል። «ለዛሬ ብቻ ነው» ይባላል። ሹፌር እምቢ ቢል ፈሪ ይባላል፣ ጉዞ አዘገየ ተብሎ ይጻፍበታል። ስለዚህ ይሄዳል። ይህን «ለዛሬ ብቻ» የሚባለውን ነገር ሊያስቆመው የሚችለው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። መሣሪያው የሞተ ባቡር ከጣቢያ አይውጣ ብላችሁ ጻፉ። ሹፌሩ ተከራክሮ የሚያሸንፈው ነገር መሆን የለበትም።

ቀይ ሲታለፍ ባቡሩን ራሱ የሚያቆም ዘመናዊ መሣሪያ ቢገባ ደስታችን ነው። ግን ጊዜ ይፈልጋል። አሜሪካኖቹ በ2008 ካሊፎርኒያ፣ ቻትስወርዝ ላይ በባቡር ግጭት 25 ሰው ከሞተ በኋላ ይህን መሣሪያ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። ሥራው ያለቀው በ2020 መጨረሻ ነው። ዛፍ ለመቁረጥ 12 ዓመት አይፈጅም።

ቀይ መብራት የታለፈበት ሪፖርት ሲደርሳችሁም እባክዎ መጀመሪያ «ማን አለፈው?» አትበሉ። ያው መብራት ከዚህ በፊት ታልፎ ያውቃል ወይ ብላችሁ መዝገቡን ግለጡ። ሁለተኛው ከሆነ ሰው ልካችሁ አስዩት። ለጥቂት ያመለጠውን ነገር በፈቃዱ የሚናገር ሹፌርም ደመወዙ አይቆረጥ። አሁን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። የቡና ሰዓት ላይ እርስ በርስ «እዚያ ኩርባው ጋ ተጠንቀቅ» እንባባላለን፤ ወረቀት ላይ ግን አይወጣም። እናንተ የምትፈልጉት መረጃ ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አለ።

ጃፓኖች መብራቱን በጣታቸው እየጠቆሙ ቀለሙን ጮክ ብለው ይጠሩታል። እኔም ከዚያ ጠዋት በኋላ ለብቻዬ ጋቢና ውስጥ እንደዚያ ማድረግ ጀምሬያለሁ። ይረዳል። ዛፍ የጋረደውን ግን ሊጠቁሙት አይቻልም።

ጋቢናው ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ታጣፊ ወንበር አለ። የመጀመሪያው ባቡር የሚነሳው ፀሐይ ስትወጣ ነው። እርስዎ ባይመቸዎት የሚያምኑትን አንድ ሰው ይላኩልኝ። ዛፉ ጋ ስንደርስ «አሁን ምን ቀለም ይታይሃል?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባቡር ሹፌር