የቅሬታ ደብዳቤ፦ ፕሌትሌቱ ተሰጠ፣ ግን ማን ለካው?

ለሆስፒታሉ የደም ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ለእህቴ የተሰጣት ፕሌትሌት መሥራቱ በጊዜ ስላልታየ የቀረበ ቅሬታ

እህቴ የደም ካንሰር ታማሚ ናት። ከመጀመሪያው ዙር ኬሞ በኋላ ፕሌትሌቷ፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል፣ 7 ሺህ ገባ። ጤነኛ ሰው ከ150 ሺህ በላይ አለው። እግሯ በመርፌ የተወጋጋ ይመስል ቀይ ነጠብጣብ አወጣ። ድዷ ስለሚደማ ጥርስ መቦረሽ ትታ በውሃ ብቻ ትጉመጠመጥ ነበር።

በዘጠኝ ቀን አምስት ጊዜ ፕሌትሌት ተሰጣት። በየማግስቱ ሲቢሲ፣ የደም ሴሎች ቆጠራ፣ ይሠራል። 9 ሺህ፣ 7 ሺህ፣ 8 ሺህ። ለምን አይጨምርም ብዬ ስጠይቅ ተረኛው ሐኪም «ትኩሳቱ እየበላው ነው» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ትኩሳትም ኢንፌክሽንም ፕሌትሌት ይፈጃል። ግን ግምት ነበር፤ ለመገመት ደግሞ የሚያበቃ ነገር አልነበረም። ከረጢቱ ባለቀ በ10 ደቂቃና በ1 ሰዓት መካከል ደም ቀድቶ መቁጠር ይበቃል። ያኔ ጨምሮ በማግስቱ ከወረደ፣ የሚፈጀው ነገር አለ። ያኔም ካልጨመረ ግን ገና እንደገባ ሰውነቷ እያጠፋው ነውና አንቲቦዲ (ሰውነት ባዕድ ያለውን ነገር የሚያጠቃበት ፕሮቲን) ይጠረጠራል። የጠዋቱ ሲቢሲ ብቻውን ሁለቱን አይለይም።

አምስቱንም ጊዜ ማንም አልለካም።

አንድ ቀን ሲስተሯ ከረጢቱን ወደ መብራት ይዛ ስታወዛውዘው አየሁ። ቢጫው ፈሳሽ ውስጥ እንደ ጭስ የሚጥመለመል ነገር አለ። ደህና ፕሌትሌት እንዲህ ነው ብላ አሳየችኝ። (ከሁሉም በላይ ያስረዳችኝ እሷ ናት፤ ቅሬታዬ እሷን አይነካም።) መለያውን ሳነበው ከአምስት ለጋሾች ደም ተለይቶ የተደባለቀ ነው፤ ከተሰበሰበ አምስተኛ ቀኑ። መስኮታችሁ ላይ መጥቼ ከአንድ ለጋሽ በማሽን የሚሰበሰበው፣ አፌሬሲስ የሚባለው፣ አይሻላትም ወይ አልኩ። የተሰጠኝ መልስ «ፕሌትሌት ፕሌትሌት ነው» የሚል ነበር።

ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ትራፕ የተባለ ጥናት እንዳሳየው፣ ነጭ የደም ሴሉ ያልተጣራ ፕሌትሌት ከወሰዱት 45 ከመቶው አንቲቦዲ አበጁ። ሲጣራ ግን የተደባለቀውም የአፌሬሲሱም ወደ 18 ከመቶ ገደማ ወረደ። አፌሬሲስ፣ ትኩስና የደም ዓይነቱ የገጠመ ፕሌትሌት ቁጥሩን የተሻለ ከፍ እንደሚያደርግ፣ የመድማቱ መጠን ግን እንደማይለያይም ታይቷል። ስለዚህ ለአብዛኛው ታካሚ የተደባለቀው ጥሩ ነው። በዚህ አልጣላችሁም።

የእህቴ ነገር ግን ሌላ ነበር። ስድስተኛው ላይ ሌላ ሐኪም ተረኛ ሆነች። ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ አስቀዳቻት፤ ከ6 ሺህ 7 ሺህ። በማግስቱ ሰባተኛው ላይ ደገመችው፤ ያው ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት። «ስንት ወልደሻል?» ሦስት። በእርግዝና ጊዜ የእናት ሰውነት በፅንሱ ኤችኤልኤ (ሰውነት የራሱን ሴል ከባዕድ የሚለይበት፣ ፕሌትሌት ላይም ያለ ምልክት) ላይ አንቲቦዲ ሊያበጅ ይችላል፤ በኋላ ያው አንቲቦዲ የለጋሹን ፕሌትሌት ያጠፋል። ምርመራው ተላከ፣ አንቲቦዲው ተገኘ። ኤችኤልኤው የሚስማማ ለጋሽ ተፈልጎ በአፌሬሲስ ተሰበሰበላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ 38 ሺህ። የአሰባሰቡ ዘዴ ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። የአምስት ሰው ድብልቅን ከአንድ ታካሚ ጋር ማዛመድ አይሆንም። አንድን ለጋሽ ግን መርጦ ሙሉ ዶዝ መውሰድ ይቻላል።

ሰባት ከረጢት እንዲሁ ሄደ። ሁሉም መለያውን እንዳነበብኩት ከረጢት ድብልቅ ከነበሩ፣ ከሠላሳ በላይ ሰው ክንዱን ዘርግቶ የሰጠው ነው።

ሁለተኛው ዙር ኬሞ በሚቀጥለው ወር ይጀምራል፤ ፕሌትሌቷም መውረዱ አይቀርም። ከዚያ በፊት የሰባቱን ከረጢቶች ዓይነት፣ የተሰበሰቡበትን ቀንና የደም ዓይነት በጽሑፍ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። አንቲቦዲዋ በፋይሏ ፊት ገጽ ላይ ይጻፍ፤ የሚስማሟት ለጋሾችም ሳይወርድባት ከአሁኑ ይጠሩ። ከእያንዳንዱ ከረጢት በኋላ የአንድ ሰዓቱ ቆጠራ ይሠራላት። ቅጻችሁ ላይ «ተሰጠ» የሚል ሳጥን አለ። አጠገቡ «ስንት ጨመረ» የሚል ብትጨምሩበት ለሌሎቹም ይጠቅማል።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የታካሚዋ ወንድም