የጢስ ዓባይ ውሃ የሚለቀቅበት ቀን ይነገረን

ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ኃላፊ፣

የምጽፍልዎ ከዚሁ ከባሕር ዳር ነው። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። ቁልፍ መስጠቱ፣ ሂሳብ መዝጋቱ፣ ጀልባ መያዙ አይከብደኝም። የሚከብደኝ አንድ ጥያቄ ነው። እንግዳው ቁርሱን ጨርሶ ይመጣና «ዛሬ ጢስ ዓባይ ውሃ አለ?» ይለኛል። እኔ ሹፌር እጠይቃለሁ። ሹፌሩ ጢስ ዓባይ ላለ ለሚያውቀው ሰው ይደውላል። «ትናንት ደህና ነበር» ይባላል። የዛሬውን ግን በእርግጠኝነት የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ክረምት ላይ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ነሐሴና መስከረም ላይ ዓባይ ሲሞላ የፏፏቴው ወርድ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረወር ጢሱ ከሩቅ ይታያል። ማዶ ዳገቱ ላይ የቆመ ሰው ዝናብ ሳይዘንብ ልብሱ ይርሳል። ሰዉ «ጢስ እሳት» ያለው በከንቱ አይደለም። ጭንቀቱ በጋ ላይ ነው። እንግዳ የሚበዛውም በጋ ላይ ነው። ገናው፣ ጥምቀቱ፣ ፋሲካው፣ የሠርጉ ወቅት፣ ሁሉም ውሃው ሲያንስ ነው የሚመጣው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከአዳማ አንድ ቤተሰብ መጣ። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች። አባትዬው ቦርሳቸው ውስጥ የድሮዋን አንድ ብር ይዘዋል። ያቺን፣ ፊቷ ላይ የልጅ ምስል፣ ጀርባዋ ላይ ጢስ ዓባይ ያለባትን። ለአራት ታጥፋ ስለኖረች መታጠፊያዋ ነጥቷል። «ልጅ ሆኜ ሱቅ ስላክ ይቺን እያየሁ ነው ያደግሁት። ልጆቼ ደግሞ በዓይናቸው ይዩት» አሉኝ። የዕረፍት ቀኔ ስለነበር አብሬያቸው ሄድኩ። ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቲኬት ቆረጡ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የአላታ ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ወጣን። ትንሿ ልጅ ከፊት ከፊት ትሮጣለች።

መመልከቻው ጋ ስንደርስ የጠበቀን ጥቁር ገደል ነው። በአንድ ጥግ ብቻ፣ የተሰጣ ነጠላ የመሰለ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ልጅቷ ብሩን ከአባቷ እጅ ወሰደች። ብሩን አየች። ገደሉን አየች። «አባዬ፣ ሌላ ቦታ ነው እንዴ የመጣነው?» አለች። አባትዬው ዝም አሉ። እናትዬዋ «ክረምት እንመጣለን» ብላ ልጅቷን አቀፈቻት። እዚያ ቡና የምታፈላው ሴትዮ «ግቡ፣ እስቲ ቡና እንኳ ጠጡ» አለችን። ጥፋቱ የሷ ይመስል አንገቷን ደፍታ ነበር።

ክቡር ኃላፊ፣ ውሃው የት እንደሄደ አውቃለሁ። እርስዎም ያውቁታል። በ1950ዎቹ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ የሐይቁ አፍ መዝጊያ ተበጀለት። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ መጣ። 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ የሐይቁን ውሃ ወደ በለስ ወንዝ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ከዚያ ወዲህ በበጋ ፏፏቴው የሚያገኘው ሰው መርጦ የለቀቀለትን ብቻ ነው።

መብራቱን አልቃወምም። የሆቴላችን አምፖል የሚበራው በመብራት ነው፤ እናቴም ከጢስ ወጥታ በምጣድ እንጀራ የጋገረችው በመብራት ነው። አገር ሲጨልም ፏፏቴ ይቅደም የሚል ሰው ባለጌ ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ተቀይሯል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ደግሞ ልብ ይበሉልኝ፣ በፏፏቴው የወረደ ውሃ አይባክንም። ዓባይን ይዞ ሄዶ እዚያው ሕዳሴ ግድብ ይገባል። በለስ ላይ ሊያመነጭ የነበረውን ቢያስቀርም ታች ወርዶ ያመነጫል። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ሂሳቡን የሚያውቁት ሰዎች ግን እዚሁ ከተማ፣ ከእርስዎ ቢሮ ብዙም የማይርቁ ናቸው። ቡና ጠርተው ቢያነጋግሯቸው መልሱን በአንድ ከሰዓት የሚያገኙት ይመስለኛል።

የምጠይቅዎ ፏፏቴው ዓመቱን ሙሉ እንደ ነሐሴ ይሁን ብዬ አይደለም። በበጋ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ጥቂት ሰዓት፣ እንዲሁም በገናና በጥምቀት ሰሞን ይለቀቅ። ከዚያ ቀኑና ሰዓቱ ይነገረን። ቢሮዎ በቴሌግራም ይለጥፈው። ሹፌሩም፣ አስጎብኚውም፣ እኔም እናየዋለን። ቀኑ ከተቀየረም መቀየሩ ይነገር። ውሃ አነሰ ቢባል እንግዳ ይገባዋል። የሚያናድደው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዳገት ወጥቶ፣ እዚያ ሲደርስ ማወቁ ነው።

ከሆቴል ሠራተኛ ዓይን ልንገርዎ። ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ የመጀመሪያውን ቀን ለሐይቁ ይሰጣል። በጀልባ ዘጌ ይሄዳል፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያያል፣ የዘጌን ቡና ጫካ ይዞራል። ሲመለስ ዓባይ መውጫው ላይ ጉማሬ ካጋጠመው ደስታው ልክ የለውም። ማታ ዓሣውን በልቶ ይተኛል። በሁለተኛው ቀን ነው ጢስ ዓባይ። ጢስ ዓባይ ውሃ የለውም ካልኩት ሻንጣውን ይዞ ወደ ጎንደር ይሄዳል። ስለዚህ ጢስ ዓባይ ማለት ለዚህች ከተማ ሁለተኛው አዳር ማለት ነው። አንድ አዳር ሲቀር አልጋው ብቻ አይደለም የሚቀረው። እራቱ፣ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ የቡናዋ ሴትዮ ጀበና፣ ዳገቱ ላይ ፎጣና ቅል ዘርግተው የሚቀመጡት እናቶች ገበያ፣ ምርኩዝ የሚያከራዩት ልጆች ደብተር መግዣ አብሮ ይቀራል።

«መጀመሪያ ሰላሙ ይምጣ» ሊሉኝ ይችላሉ። ልክ ነዎት። ያለፉት ዓመታት እንዴት እንደነበሩ የእኛ መዝገብ ይናገራል። ሙሉ ገጹ ባዶ የሆነባቸው ሳምንቶች አሉ። የሥራ ጓደኞቼ ሌላ ከተማ ሄደው ቀርተዋል። ግን መዝጊያው መቼ እንደሚከፈት ለመስማማት እንግዳ እስኪሞላ መጠበቅ የለብንም። እንግዳው ሲመለስ ተዘጋጅተን እንድንጠብቀው ጊዜው አሁን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከድልድዩ በኋላ ያለው ቁልቁለት ዝናብ ሲነካው በጣም ያዳልጣል። አንድ ጊዜ አንዲት ሸምገል ያሉ እናት፣ ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ደግፈውላቸው፣ ሲወርዱ አይቻለሁ። በየእርምጃው «ማርያም፣ ማርያም» ይሉ ነበር። ጥቂት የድንጋይ ደረጃና የእንጨት መያዣ ብዙ ወጪ አይደለም። የጢስ ዓባይ ጎረምሶች ሠርተው ይጨርሱታል፤ ድንጋዩም እዚያው አለ። ከቲኬቱ ገንዘብ ትንሽ ለዚህ ቢመደብ የቀበሌው ሰው ፏፏቴውን እንደ ራሱ ንብረት ይጠብቀዋል።

ያ የአዳማ ቤተሰብ ሲሄድ አባትዬው ስልካቸውን ጽፈው ሰጥተውኛል። «ውሃ ያለ ቀን ደውልልኝ፣ ያን ቀን እመጣለሁ» አሉኝ። ወረቀቷ እንግዳ መቀበያው መሳቢያ ውስጥ አለች። ልጅቷ አሁን አድጋለች። ቀኑን ንገሩኝና ልደውልላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከባሕር ዳር አንድ የሆቴል ሠራተኛ