«ከነቤተሰብ» የሚለውን ማስታወቂያ ቶሎ አትመኑ

ለአዘጋጁ፦

ወደ ውጭ ስለሚሄዱ የጤና ባለሙያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ዘሎታል፤ ከሠራተኛው ጋር ማን መሄድ ይችላል የሚለውን። የባሕር ዳር ሰው ገንዘቡን የሚያስበላው ደግሞ እዚህ ላይ ነው።

ፔዳ አካባቢ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለኝ። በቅርቡ አንዲት ነርስ ደላላ በቴሌግራም የላከላትን ማስታወቂያ ፕሪንት ልታስደርግ መጣች። «እንግሊዝ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ ከነቤተሰብ» ይላል። ከሥሩ የቀብዱ ሂሳብ። እንግሊዝ እኮ የእንክብካቤ ሠራተኞች የትዳር አጋርም ሆነ ልጅ እንዳያስከትሉ ከከለከለች ቆየች፤ ከመጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ከሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለዚህ ሥራ ከውጭ አዲስ ሰው ማስመጣቱ ራሱ ቀርቷል። ሰውዬው የሚሸጠው የሌለ ነገር ነው!

ይህችው ልጅ በነርስነት ብትቀጠር ባሏንና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቿን ይዛ መሄድ ትችላለች። አገሩ ያው ነው፤ የሚለየው የሥራ መደቡ ነው። ዱባይ ደግሞ ደመወዝ ያያል። ሚስትና ልጅ ለማስመጣት 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ድርሃምና መኖሪያ ቤት ይጠይቃል። በቤት ሠራተኝነት የሄደች እህታችን ይህን ከየት ታመጣዋለች?

ሱቄ የሚመጣ ሁሉ ግን መጨረሻ ላይ «እናቴንስ?» ይላል። እዚህ ላይ አንጀቴ ይላወሳል። የአሜሪካው ኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ የሚያስከትለው የትዳር አጋርንና ያላገቡ ከ21 ዓመት በታች ልጆችን ነው፤ እናት የለችበትም። ጀርመን ትሻላለች። ከየካቲት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ የሥራ መኖሪያ ፈቃዱን ያገኘ ባለሙያ ወላጆቹን ለማስመጣት ማመልከት ይችላል። ወጪያቸውን እንደሚችልና የጤና መድን እንዳላቸው ማሳየት ግን ግዴታው ነው። ለአዛውንት መድን ማግኘት ቀላል አይደለም።

ወረቀቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሠርጉ ተደግሶ፣ ልጅ ተወልዶ፣ ጋብቻው ወሳኝ ኩነት ያልተመዘገበ ስንት ቤት አለ መሰላችሁ! ሲመዘገብም የስም አጻጻፍ አለ። «ጸጋዬ» በአባትየው ፓስፖርት በ«ቲ ኤስ» ይጀምራል፣ በልጁ የልደት ምስክር ወረቀት በ«ኤስ» ብቻ። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ኤምባሲ ግን አባትና ልጅ መሆናቸውን አስረዱ ሊል ይችላል። ይህን ቀብድ ከመክፈል በፊት ማስተካከል ይሻላል።

እናንተን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የውጭ አገር ሥራ ማስታወቂያ ስታትሙ፣ ኤጀንሲው የሥራ መደቡን በትክክል እንዲጽፍ አስገድዱት። እንግሊዝ ከሆነ የመደቡን መለያ ቁጥርም ይጨምር። ቁጥሩ ካለ ቤተሰብ ይፈቀድ አይፈቀድ የእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል፤ ክፍያ የለውም። እኔም ሱቅ ለመጣ ሰው በነፃ አሳያለሁ። ፕሪንት ካስደረገ ግን ያው ይከፍላል።

ባለ ፎቶ ኮፒው፣ ከባሕር ዳር